አልማዝ፣ የላብራቶሪ አልማዝ፣ ኦፓል ወይስ ወርቁ ይበቃል? የቀለበት ድንጋይ ለሚመርጡ የባሕር ዳር ሙሽሮች

ባለፈው ጥር፣ ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ወርቅ ቤት ገባን። አሜሪካ ያለችው አክስታችን የላከችውን ቀለበት ይዘናል። ነጭ ወርቅ ነው። መሐሉ ላይ ግማሽ ሽምብራ የምታክል ድንጋይ አለችው። ለሙሽሪት ጣት ስለሰፋ ልናስጠብበው ነው የሄድነው።

ወርቅ ሠሪው ቀለበቱን ተቀብለው መጀመሪያ የጠየቁት ዋጋውን አይደለም። "ድንጋዩ ምንድን ነው?" አሉ። እሳት ሊነካው ነውና ማወቅ አለባቸው። ኦፓል ከሆነ ሳይነቀል እሳት አይጠጋውም፤ ይሰነጠቃል። አልማዝም ቢሆን መከላከያ ሳይቀባ እሳት ከመታው ፊቱ ሊደፈርስ ይችላል።

"አልማዝ ነው" አለ ወንድሜ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። ከዚያ እንደ ቀልድ፣ "ጋሼ፣ ይሸጥ ቢባልስ ስንት ያወጣል?" አላቸው።

ሰውዬው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ሚዛኑን አዩት። "ድንጋዩን አውጥቼ ነው የምመዝነው።"

"አልማዝ እኮ ነው!"

"ይሁና። እኔ የምገዛው ግራም ነው።"

ወንድሜ እስከ ቤት ድረስ ባጃጅ ውስጥ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ብርቅ የተባለ ድንጋይ እንዴት ሚዛን ላይ እንኳ ሳይወጣ ይቀራል? ሰሞኑን ደግሞ ሊያገቡ የተዘጋጁ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ "ምን እንግዛ?" እያሉ ስለጠየቁኝ፣ የማውቀውን እዚህ ላስቀምጠው።

አልማዝ ምን ያህል ብርቅ ነው?

አልማዝ ካርቦን ነው። ከሰል የምንለውም በአብዛኛው ካርቦን ነው፤ የእርሳስ ጥቁሩም ግራፋይት ያው ካርቦን ነው። ልዩነቱ አቶሞቹ የተያያዙበት መንገድ ነው። አብዛኛው አልማዝ ከመሬት በታች 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ላይ፣ ከቢሊዮን ዓመት በፊት ተፈጠረ። ወደ ላይ ያመጣው እሳተ ገሞራ ነው።

በአንድ ወቅት እውነትም ብርቅ ነበር። እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ከህንድ ውጭ አልማዝ የሚወጣበት ቦታ እምብዛም አልነበረም። ቀጥሎ ብራዚል ተገኘ። ነገሩን የለወጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1867 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተገኘው ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ኪምበርሊ ላይ ሰው በዶማና በአካፋ ትልቅ ገደል ቆፈረ። ድንጋዩ በሽ በሽ ሆነ። በሽ ያለ ነገር ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። እንግሊዛዊው ነጋዴ ሴሲል ሮድስ በ1888 ዴ ቢርስ የተባለውን የአልማዝ ኩባንያ ያቋቋመው ይህ ገብቶት ነው። ማውጫዎቹን ጠቅልሎ መያዝ፣ ወደ ገበያ የሚወጣውን መጥኖ መልቀቅ። ኩባንያው የ20ኛውን ክፍለ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የዓለምን ጥሬ አልማዝ ሽያጭ በእጁ ይዞ ኖረ። ዛሬ እንደዚያ አይደለም፤ ሩሲያም ቦትስዋናም ካናዳም አንጎላም ያወጣሉ።

"አልማዝ ዘላለማዊ ነው" የሚለው አባባልም የአያቶች ተረት አይደለም። በ1947 ፍራንሰስ ገረቲ የምትባል የማስታወቂያ ጸሐፊ ለዚሁ ኩባንያ ያወጣችው መፈክር ነው። ዓረፍተ ነገሩ ግሩም ነው፣ አይካድም። ዘላለማዊ የሆነ ነገር ደግሞ ማን ይሸጣል? ሰው ካልሸጠ፣ አሮጌው ድንጋይ ተመልሶ ከአዲሱ ጋር አይወዳደርም።

አሁን ቁጥር እንይ። ዓለም በዓመት ከ100 ሚሊዮን ካራት በላይ አልማዝ ያወጣል። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። ስለዚህ ነገሩ 20 ቶን ገደማ ነው። አምስት አምስት ቶን በሚጭን አይሱዙ ብትጭኑት አራት መኪና። ከዚያ ውስጥ ለጌጥ የሚበቃው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ሌላው ለመቁረጫና ለመሞረጃ ይውላል። ወርቅ ግን በዓመት ከ3,000 ቶን በላይ ይወጣል።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። በክብደት ካየነው አልማዝ ከወርቅ ይልቅ ብርቅ ነው ማለት ነው። ኢንተርኔት ላይ "አልማዝ ብርቅ አይደለም፣ ተጭበርብረናል" የሚሉት ሰዎች ይህን ይዘሉታል። ግን ያ ወርቅ ሠሪ ብርቁን ትቶ ብዙውን መረጠ። ለምን?

መልሱን ቅዳሜ ገበያ ታገኙታላችሁ። ወርቅ እንደ ጤፍ ነው። 21 ካራት ወርቅ ግራሙ ከግራሙ አይለይም፤ ዋጋውን ጠዋት ስልክ ደውላችሁ ትጠይቃላችሁ፣ ከሰዓት ትሸጣላችሁ። አልማዝ እንደ በሬ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ይታያል፣ ጥርሱ ይቆጠራል፣ ሻኛው ይዳሰሳል፣ ደላላው መሐል ይገባል። ለአልማዝ ጥርስ መቁጠሪያው አራት ነው፦ ክብደቱ፣ የቀለሙ ንጣት፣ የውስጡ ጥራትና የአቆራረጡ ጥበብ። እኩል አንድ አንድ ካራት የሚመዝኑ ሁለት ድንጋዮች ዋጋቸው በብዙ እጥፍ ሊራራቅ ይችላል። በሬ ደግሞ ቢያንስ ገዢው እዚሁ ሞልቷል። የአልማዙ ገዢ ሩቅ አገር ነው።

ካራትና ካራት

ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን ለዩ። ብዙ ሰው ስታደናግር አይቻለሁ። በአማርኛ ሁለቱንም "ካራት" ነው የምንላቸው። የወርቅ ካራት ንጽሕና ነው፤ 24 ንጹሕ ነው፣ 21 ማለት 87.5 በመቶ ወርቅ፣ 18 ማለት 75 በመቶ ወርቅ። የድንጋይ ካራት ክብደት ነው። ስለዚህ "18 ካራት ቀለበት፣ ግማሽ ካራት አልማዝ" ሲሏችሁ ሁለት የተለያየ ነገር እየነገሯችሁ ነው። አንድ ጓደኛዬ ባለ 18 ካራት አልማዝ ገዛሁ ብሎ ሰፈሩን ሲያስቀና ከርሟል። 18 ካራት አልማዝ ቢሆን ኖሮ ከ3 ግራም በላይ የሚመዝን ድንጋይ ጣቱ ላይ ይዞ በባጃጅ ባልተሳፈረ ነበር።

እንግዲህ ምርጫዎቹ

የተፈጥሮ አልማዝ። ጥንካሬው፣ ማለትም ጭረትን መቋቋሙ፣ ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የሞስ መለኪያ ጫፍ 10 ነው፤ ከዚያ በላይ የለም። አቧራችን ውስጥ ያለው የአሸዋ ብናኝ 7 አካባቢ ነውና አይጭረውም። ሃምሳ ዓመት እጅ ላይ ኖሮ ፊቱ ያው ነው። ጠንካራ ማለት ግን የማይሰበር ማለት አይደለም። በመዶሻ ቢመታ ይፈረካከሳል፤ እባካችሁ እንዳትሞክሩት።

ችግሩ ገንዘቡ ነው። ከሱቅ ወጥታችሁ በማግስቱ መልሳችሁ ብትሸጡት እንኳ የከፈላችሁትን ግማሽ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ትልልቅና እጅግ ንጹሕ ድንጋዮች ሌላ ዓለም ናቸው። በ1905 ደቡብ አፍሪካ የተገኘው ኩሊናን 3,106 ካራት ነበር፤ እሱን ማንም ብርቅ አይደለም አይልም። እኛ የምንገዛው የግማሽ ካራት ድንጋይ ግን ወንድሞቹ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው።

መግዛቴ አይቀርም ለምትሉ አንዲት ዘዴ ልንገራችሁ። ዋጋው ልክ 1 ካራት ላይ ሲደርስ ይዘላል። የ1 ካራት ክብ ድንጋይ ወርዱ 6.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የ0.9 ካራቱ 6.2 ገደማ። ይህን የሚያይ ዓይን ያላት አማት ካለቻችሁ እግዚአብሔር ይርዳችሁ። ያለበለዚያ ከአንድ በታች ያለውን ግዙና የተረፈውን ለድንኳን ኪራይ አውሉት።

የላብራቶሪ አልማዝ። ይህኛው አስመሳይ አይደለም። ካርቦን ነው፣ ጥንካሬው 10 ነው፣ ብልጭታውም ያው ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ መሥራቱን ያስታወቀው በ1955 ነው። ዛሬ በሁለት መንገድ ይሠራል፦ አንዱ በከባድ ግፊትና ሙቀት፣ ሌላው ካርቦን ካለው ጋዝ በስስ በስሱ እያነባበሩ። የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ ራሱ በ2018 አልማዝ ለመባል "የተፈጥሮ" መሆን አለበት የሚለውን ቃል ከትርጉሙ አውጥቶታል። በዓይንም በማጉያም አይለይም። የሚለየው በልዩ መሣሪያ ነው።

ዋጋው ግን እየተንሸራተተ ነው። ዴ ቢርስ ራሱ በ2018 ላይትቦክስ በሚል ስም ካራቱን በ800 ዶላር መሸጥ ሲጀምር ዓለም ጉድ አለ። ከዚያ ወዲህ ገበያው ከዚያም በታች ወረደ፣ በ2025 ኩባንያው ላይትቦክስን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ፋብሪካ የሚያመርተው ነገር እንዲህ ነው። ስለዚህ ውበቱን ከፈለጋችሁ ከሁሉም የሚያዋጣው ይኸኛው ነው። ለልጅ አወርሰዋለሁ፣ ይጨምራል ብላችሁ ከሆነ ግን ተዉት። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለም ድንጋዩን ሳይሆን የወርቁን ግራም ጠይቁት።

ሞይሳናይት። ይህን ድንጋይ እወደዋለሁ፣ ታሪኩ ስለሚያስቀኝ። በ1893 አንሪ ሟሳን የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት አሪዞና ውስጥ ሰማይ ወለድ ድንጋይ ከወደቀበት ጉድጓድ የመጣ ናሙና ሲመረምር የሚያብረቀርቅ ነገር አየ። አልማዝ መሰለው። በኋላ ሲሊከን ካርባይድ፣ የሲሊከንና የካርቦን ውሁድ፣ ሆኖ ተገኘ። በተፈጥሮ የሚገኘው ሞይሳናይት ከአልማዝ እጅግ ይልቅ ብርቅ ነው። ቀለበት ላይ የምታዩት በሙሉ ማለት ይቻላል የፋብሪካ ነው፣ ዋጋውም ከላብራቶሪ አልማዝ ብዙ ጊዜ ያንሳል። "ብርቅ" የሚለውን ቃል የሚያቆስል ነገር ነው።

ጥንካሬው 9.25 ነው፤ ለዕለት ተዕለት በቂ ነው። ብልጭታው ከአልማዝ ይበዛል፣ የቀስተ ደመና ቀለም ይረጫል። ጣና ዳር ረፋድ ላይ፣ ፀሐይዋ ከውሃው ስትመለስ፣ እጅ ሲንቀሳቀስ ዲስኮ ቤት ይመስላል። ለአንዳንዱ ይህ ውበት ነው፣ ለአንዳንዱ ይበዛል። ትንሽ ድንጋይ ስትሆን አይታወቅም፤ ትልቅ ስትሆን "ምንድን ነው ይሄ?" ያስብላል።

ዚርኮን የሚሉት። ወርቅ ቤቶች ዚርኮን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ኪዩቢክ ዚርኮኒያ ነው፣ የፋብሪካ ድንጋይ። ስለዚህኛው ብዙ አልልም፤ አንድ ጊዜ ተበልቼበታለሁ። ከዓመታት በፊት ሌላ ከተማ ከአንድ ሱቅ "አልማዝ ነው" ተብዬ ጉትቻ ገዛሁ። በሁለት ዓመቱ ጠርዙ ተበላ፣ ፊቱ የታጠበ ብርጭቆ መሰለ። ጥንካሬው 8 ከፍ ሲል 8.5 ነው። ዋጋውን አውቃችሁ በርካሽ ከገዛችሁት ነውር የለውም፤ ለሰርጉ ቀን ይበቃል። ነውሩ አልማዝ ብሎ መሸጡ ነው።

የደላንታ ኦፓል። የራሳችን ነው። ወሎ፣ ወገል ጤና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2008 ተገኘና ዓለም አወቀው። ከገደሉ ወገብ ላይ ካለች ስስ ንጣፍ ነው የሚያወጡት፤ ልጆቹ ተንጠልጥለው ይቆፍራሉ። ቀለሙን ለመግለጽ አልሞክርም። ድንጋዩን አዙሩት፣ አረንጓዴው ቀይ ይሆናል፣ ቀዩ ሰማያዊ።

እህቴ አንድ የደላንታ ኦፓል ቀለበት አላት። አንድ እሑድ ልብስ አጥባ ስትነሳ ጮኸች። "ድንጋዬ ሞተ!" ሄጄ ሳየው ቀለሙ ጠፍቶ ብርጭቆ ሆኗል፤ በውስጡ ጣቷ ይታያል። የደላንታ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ተፈጥሮው ነው፣ ውስጡ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት። ጥላ ያለበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው። መጀመሪያ እንደ ወተት ነጣ፣ በአራተኛው ቀን ቀለሙ ተመለሰ። ዘይት ወይም ቀለም ያለው ፈሳሽ ቢጠጣ ግን ላይለቀው ይችላል። ወጥ ለምትሠራ እጅ ይህን አስቡት።

ጥንካሬው ከ5 እስከ 6.5 ነው፤ የመንገዱ አቧራ ይጭረዋል። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ኦፓልን ለጉትቻና ለአንገት ሐብል ግዙ፣ በየቀኑ ለሚደረግ ቀለበት አትግዙ። እንግዳ ዘመድ ሲመጣ ደግሞ ከአልማዝ ይልቅ ኦፓል ስጦታ ስጡት፤ አልማዙን እዚያው አገሩ በቅናሽ ያገኘዋል። ከሻኪሶ የሚወጣው ኤመራልድም አለን፤ ጥንካሬው የተሻለ ነው፣ ዋጋውም እንደ ጥራቱ ይሰቀላል። ብዙዎቻችን ግን እሱን ሱቅ ውስጥ አናገኘውም።

ባዶ ወርቅ። እናቴ ወደ ክርክሩ ስትገባ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የነበራት። "ግራሙ ስንት ነው?" ያኔ ሳቅንባት። የወርቁ ዋጋ በወጣ ቁጥር ሳቁ ቀነሰ። ድንጋይ የሌለው፣ ወፈር ያለ፣ 18 ወይም 21 ካራት ቀለበት ስትቸገሩ ጠዋት ገብታችሁ ከሰዓት ብር ይዛችሁ የምትወጡበት ነው። ለሠሪው የምትከፍሉት የእጅ ዋጋ አይመለስም፤ ግራሙ ይመለሳል። 21 ለስላሳ ነው፣ በየቀኑ ለሚሠራ እጅ ይጎደጉዳል። ድንጋይ የሚታሰርበት ከሆነ 18 ይሻላል፣ ድንጋዩን የሚቆነጥጡት የወርቁ ጥፍሮች አጥብቀው ይይዛሉ።

ቤት ውስጥ ፈተና

ትንፋሽ አድርጉበት፣ ጉሙ ቶሎ ከጠፋ አልማዝ ነው ይባላል። በከፊል እውነት ነው፤ አልማዝ ሙቀትን በፍጥነት ያስተላልፋል። ሞይሳናይትም ያስተላልፋል፣ ስለዚህ ዚርኮንን እንጂ እሱን አይለይላችሁም። አንዳንድ ሱቅ ያለው እንደ እስክሪብቶ ያለ መሣሪያም ሙቀት ብቻ የሚለካ ከሆነ በሞይሳናይት ይታለላል። መስታወት መጫር ደግሞ ከንቱ ነው። ተራ የአሸዋ ድንጋይም መስታወት ይጭራል።

ያልታሰረ ድንጋይ ከሆነ ሚዛን ይረዳል። እኩል መጠን ያለው ዚርኮን ከአልማዝ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይከብዳል። ለታሰረ ድንጋይ ያለው አንድ ነገር ሰርተፍኬት ነው። ጂአይኤ ወይም አይጂአይ የሚባሉት የድንጋይ መርማሪ ድርጅቶች የሰጡት ከሆነ ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ አስገቡ። ብዙ ጊዜ ያው ቁጥር በድንጋዩ ወገብ ላይ በሌዘር ይጻፋል፤ አሥር ጊዜ በሚያጎላ ማጉያ ይነበባል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርና ድንጋዩ ላይ ያለው ካልገጠመ፣ ወረቀቱ የሌላ ድንጋይ ነው።

ታዲያ ለማን የቱ?

ገንዘቡ አንድ ጊዜ ብቻ የተገኘ ከሆነ፣ ማለትም ከዕቁብ የወጣ ወይም የቤት ኪራይ ቀርቶ የተጠራቀመ ከሆነ፣ ወርቅ። አልከራከርም። ሙሽሪት ድንጋይ ካማራት ወርቁን ወፈር አድርጉና ትንሽ የላብራቶሪ አልማዝ ወይም ሞይሳናይት እሰሩበት። ድንጋዩ ቢጠፋ ታዝናላችሁ እንጂ አትከስሩም። የተፈጥሮ አልማዝ የምመክረው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው፦ ድንጋዩ ከቢሊዮን ዓመት በፊት መፈጠሩ ልቡን ለሚነካውና ብሩን እንደማይመለስ ቆጥሮ ለሚከፍል። እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ። ወንድሜ አንዱ ሆኖ ተገኘ። አክስታችን የላከችው ድንጋይ የተፈጥሮ መሆኑን ወረቀቱ ላይ ሲያነብ፣ የወርቅ ቤቱን ነገር ረስቶ ለሚስቱ ሦስት ጊዜ ነገራት።

የቀሩ ጥቃቅን ነገሮች። ነጭ ወርቅ እንዲያ ነጥቶ የሚያበራው ብዙውን ጊዜ ላዩ ሮዲየም የሚባል ነጭ ብረት ስለተቀባ ነው፤ በጊዜ ብዛት ቢጫ ብሎ ይመጣል፣ እንደገና ማስቀባት አለባችሁ። ይህን የሚሠራ ከተማችሁ ውስጥ መኖሩን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ጣታችሁን ማታ ላይ አስለኩ፣ ጠዋት ይቀጥናል። ውሃ ውስጥም ይሸበሸባል፤ ዘጌ በጀልባ ስትሄዱ እጃችሁን ጣና ውስጥ ከነቀለበቱ አትንከሩ። ሻጩን ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት "መልሰህ በስንት ትገዛኛለህ?" በሉት፣ መልሱን ደረሰኙ ጀርባ ላይ ይጻፍላችሁ። ጥያቄውን ሲሰማ ፊቱ ከተለዋወጠ ቀጣዩ ሱቅ ሃያ እርምጃ ነው።